ረቂቁ ሳይደርቅ፦ የአንድ ብራውዘር ንድፍ ስለ ግልጽነት ምን ያስተምረናል?



«ግልጽነት» የሚለውን ቃል በመተዳደሪያ ደንቡ ያላሰፈረ ድርጅት፣ በንግግሩ መግቢያ ላይ ያላወሳ ባለሥልጣን ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ቃሉ በሁሉም አፍ ከመዞሩ የተነሣ ስለቱ ዶልዱሟል። ያለቀ ሕንፃ መርቆ ሪባን መቁረጥ ግልጽነት ይባላል፤ የተቆረጠ ውሳኔን በጋዜጣ ማሳወቅም ግልጽነት ይባላል፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ «አስተያየት ካላችሁ» ማለትም እንዲሁ። እኔ ግን ግልጽነትን የምለካባት አንዲት ቀላል ጥያቄ አለችኝ፦ ረቂቁ ለሕዝብ የታየው ገና ሊፋቅ በሚችልበት ሰዓት ነው ወይስ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ?

ጥያቄዋን ዛሬ የምፈትናት በፓርላማ ወይም በፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም። የምፈትናት ይህን ጽሑፍ ለማንበብ በከፈታችሁት መሣሪያ፣ በኢንተርኔት ብራውዘር ነው። በተለይም የፋየርፎክስ ብራውዘር ንድፍ አውጪዎች ሊመጣ ያለውን አዲስ ገጽታ ገና በረቂቅ ሳለ አደባባይ ባወጡበት ታሪክ ላይ አተኩራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የአንድ ቁልፍ ቦታ መቀየር ምን ፖለቲካ አለው?» የሚል አይጠፋም። አለው። ብራውዘር የዘመናችን አውራ ጎዳና ነው። ዜና የምናነበው፣ ገንዘብ የምንልከው፣ ማመልከቻ የምናስገባው፣ የምንከራከረው በእርሱ በኩል ነው። የትኛው ቁልፍ ከፊት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ከሦስት ማውጫ በስተኋላ እንደሚደበቅ የሚወስን ሰው የመቶ ሚሊዮኖችን እጅ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል። ይህን ሰው የመረጠው የለም፤ የሚሽረውም የለም። እንግዲህ ያልተመረጠ ሥልጣን ባለበት ሁሉ የሚነሣው ጥያቄ እዚህም ይነሣል፦ የሚወስነው ማን ነው? ውሳኔው ለሚነካቸው ሰዎችስ ምክንያቱን የመናገር ግዴታ አለበትን?

ሁለት መንገዶች

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሣ። በ1998 ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ በማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ገበያውን እየተነጠቀ በነበረበት ሰዓት የብራውዘሩን ሶርስ ኮድ ለማንም ክፍት አደረገ። ሞዚላ የተባለው ፕሮጀክት የተወለደው ከዚህ ውሳኔ ነው። በ2003 ሞዚላ ፋውንዴሽን ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ተቋቋመ፤ በኖቬምበር 2004 ፋየርፎክስ 1.0 ወጣ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በኒው ዮርክ ታይምስ በወጣው የሁለት ገጽ ማስታወቂያ ላይ ወጪውን ያዋጡ የሺዎች ስም በደቃቅ ፊደል ታትሞ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ።

እንዲህ ባለ መዋጮ የቆመ ነገር ተጠቃሚው «የኔ ነው» ቢል አይፈረድበትም። «የኔ ነው» ያለ ሰው ደግሞ ቤቱ ሲታደስ ጠይቁኝ ማለቱ አይቀርም።

ሁለተኛው መንገድ የጉግል ነው። ሴፕቴምበር 2 ቀን 2008 ክሮም ለሕዝብ ሲቀርብ የውጭው ዓለም ዝርዝሩን ያወቀው በዋዜማው፣ ስኮት መክላውድ የተባለው ሠዓሊ በሣለው ባለ 38 ገጽ የካርቱን መጽሐፍ አማካይነት ነው። መጽሐፉ ድንቅ ነበር፤ እያንዳንዱ የንድፍ ውሳኔ ለምን እንደተወሰነ ለተራ አንባቢ በሚገባ ቋንቋ ያስረዳል። ዳሩ ግን ያስረዳው የተወሰነውን ነው። ምክንያቱ ተነገረን፤ ምርጫው ግን አልፎ ነበር። ክሮም የተሠራበት ኮድ በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት መሆኑ እውነት ቢሆንም የክፍት ኮድና የክፍት ውሳኔ ልዩነት ከዚህ ይጀምራል። በመስታወት የታጠረ ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ማየት ይቻላል፤ ጨው በዛ ለማለት ግን በሩ መከፈት አለበት።

የ2009ኙ ረቂቅ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በ2009 የበጋ ወራት ስቲቨን ሆርላንደርና የሞዚላ ባልደረቦቹ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ሊወጣ ያለውን የፋየርፎክስ 4 ገጽታ ረቂቅ ሥዕሎች ማንም ሊያያቸው በሚችል ገጽ ላይ አወጡ። ሥዕሎቹ «ያላለቁ» የሚል ማሳሰቢያ ነበራቸው። ከሁሉ የበለጠው ነገር ግን አንድ ሥዕል ብቻ አለመቅረቡ ነው። ታቦቹ ከአድራሻ መጻፊያው በላይ የሆኑበትና ከበታች የሆኑበት ሁለት አማራጮች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከየአንዳንዱ ሥር የሚደግፈውና የሚቃወመው ምክንያት ተዘርዝሮ ነበር።

ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። አንድ አማራጭ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ምስክር ፍለጋ እንጂ ምክር ፍለጋ አልመጣም። ሁለት አማራጭ ከነድካማቸው ይዞ የሚመጣ ግን «እኔም ገና እያሰብኩ ነው» ማለቱ ነው። ባለሙያ በአደባባይ «እያሰብኩ ነው» ለማለት መድፈር አለበት፤ በእኛም አገር ሆነ በሌላው ዓለም የሚታጣው ይህ ድፍረት ነው።

ከዚያስ ምን ሆነ? ተቃውሞ ጎረፈ። ገሚሱ «ክሮምን ቀዳችሁ» አለ፤ ገሚሱ «ለዓመታት የለመደ እጄ ተሳሳተብኝ» አለ። በመጨረሻ ታቦቹ ወደ ላይ ወጡ። ተቃዋሚዎቹ ተሸነፉ ማለት ነው። ነገር ግን አሸናፊው ወገን ሁለት ነገር አድርጓል። አንደኛ፣ ከንድፍ ኃላፊዎቹ አንዱ የነበረው አሌክስ ፋቦርግ በ2010 በቪዲዮ ቀርቦ ምክንያቱን አንድ በአንድ አስረዳ፦ አድራሻው የታቡ ንብረት እንጂ የመስኮቱ ንብረት አይደለም፤ ስለዚህ የታቡ የሆነ ሁሉ ከታቡ ሥር መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ያልተስማማው ሰው ታቦቹን ወደ ቀድሞ ቦታቸው መመለስ የሚችልበት ምርጫ ተተወለት። ምክንያት የተነገረው፣ መውጫም የተተወለት ተሸናፊ ቢያኮርፍም ተናቅሁ ሊል አይችልም።

አድማጭ የነበረ መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ቀድሞ አይጣችንን በአንድ ሊንክ ላይ ስናሳርፍ የሊንኩ አድራሻ የሚነበበው ከግርጌ ባለው መስመር ላይ ነበር። በፋየርፎክስ 4 ያ መስመር እንዲነሣ ስለተወሰነ አድራሻው በላይኛው የአድራሻ መጻፊያ ውስጥ እንዲታይ ተደረገ፤ በሙከራ እትሞቹም በዚሁ መልክ ቀረበ። ጉዳዩ የውበት ብቻ አልነበረም። የሚጫነው ሊንክ ወደ ባንኩ ይወስደው ወይም ወደ አጭበርባሪ ገጽ፣ ሰው የሚያጣራው በዚያች አድራሻ ነው። አዲሱ ቦታ ጠባብ በመሆኑ ረጅም አድራሻ ይቆረጥበት ነበር፤ ቅሬታም አስነሣ። ብራውዘሩ ማርች 22 ቀን 2011 በይፋ ከመውጣቱ በፊት አድራሻው ወደ ግርጌው ተመለሰ፤ በቋሚ መስመር ላይ ሳይሆን ብቅ ብላ በምትጠፋ ትንሽ ሣጥን። በጊዜው የወጡት የሙከራ እትሞች 12 ነበሩ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው፤ ስሕተቱ የታረመው ገና በረቂቅ ሳለ ስለሆነ ማንም ሳይዋረድ ታረመ።

ማሳየትና መስማት

ተቃራኒውን ማየት ያሻል። ከኦገስት 2011 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ሊያወጣ ስላለው ዊንዶውስ 8 በስቲቨን ሲኖፍስኪ መሪነት ረጃጅምና ጥልቅ ጽሑፎችን ለሕዝብ ማውጣት ጀመረ። በጽሑፍ ብዛትና በአኃዝ ክምችት ከተመዘነ ይህ ሞዚላ ካደረገው ሁሉ ይበልጣል። «ስታርት» የተባለው የታወቀው ቁልፍና ማውጫ ለምን እንደሚነሣ ለማስረዳት የአጠቃቀም አኃዞች ቀርበዋል፤ አንባብያንም በብዛት መልሰው ጽፈዋል። የብዙዎቹ መልስ አጭር ነበር፦ ቁልፉን ተዉልን። ምርቱ በኦክቶበር 2012 ያለ ቁልፉ ወጣ። ሲኖፍስኪ በቀጣዩ ወር ኩባንያውን ለቀቀ። በኦክቶበር 2013 በወጣው 8.1 እትም ቁልፉ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እዚህ ላይ የጎደለው መረጃ አልነበረም። ጸሐፊዎቹም ከልባቸው የጻፉ ይመስለኛል። የጎደለው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ ውሳኔው ቀደመ፣ ውይይቱ ተከተለ። እንዲህ ያለው ውይይት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአዳራሹ አበል ተከፍሎ፣ ማይክሮፎኑ ዞሮ፣ ሃምሳ ሰው ተናግሮ፣ «ከመድረክ የተሰጠ ማጠቃለያ» ግን ትናንት የተጻፈ የሆነበትን ስብሰባ ስንቶቻችን ተቀምጠንበታል? ተናጋሪው እንደ ተሰማ ሆኖ ይወጣል፤ ቆይቶ ሲገባው ግን ቁጣው ጭራሽ ሳይጠየቅ ከቀረው ሰው ቁጣ ይብሳል። ሐሰተኛ ምክክር ከዝምታ የከፋ የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ የሚያባክነው ጊዜን ብቻ አይደለም፣ ለሚቀጥለው ጥሪ የሚመጣውን ሰው ጭምር ነው።

«እንገምታለን» የምትለው ቃል

ፋየርፎክስም ቢሆን ጻድቅ ሆኖ አልኖረም። ለታቦቹ የተተወው ምርጫ በ2014 ኤፕሪል 29ኛው እትም ሲወጣ ከነጭራሹ የለም። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የ2021ዱ ክርክር ነው። «ፕሮቶን» የተባለው አዲስ ገጽታ ሲዘጋጅ፣ ቁልፎችንና ታቦችን ጠበብ አድርጎ ለገጹ ሰፋ ያለ ቦታ የሚተወው የተጨመቀ አቀማመጥ እንዲነሣ ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡ የሰፈረው ማንም ሰው ሊያነበው በሚችለው የሞዚላ የሥራ መዝገብ ላይ ነበር። ምክንያቱም ተጽፏል፦ ምርጫው በቀላሉ የማይገኝ ቦታ ላይ ነው፣ ስለዚህም ተጠቃሚው ጥቂት እንደሆነ እንገምታለን የሚል።

አስተውሉ፤ «እንገምታለን» እንጂ «አረጋግጠናል» አይልም። አመክንዮውም ራሱን በራሱ የሚያኝክ ነው። አንድን ነገር ደብቆ ማስቀመጥ፣ ከዚያም «ፈላጊ የለውም» ብሎ ማንሣት። በመንደር ጤና ጣቢያና በገጠር ትምህርት ቤት ላይ የሚፈረደው ፍርድ ከዚህ በምን ይለያል? መንገዱን ካላሠሩለት በኋላ «ሰው አይመጣበትም» ይባላል።

ነገሩ በዝግ በር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያች ቃል ተደብቃ ትቀር ነበር። መዝገቡ ክፍት ስለነበር ተጠቃሚዎች ቃሏን ነጥለው አወጧት፣ ተከራከሩባት። ውጤቱ ግማሽ ድል ነው፤ ፋየርፎክስ 89 በጁን 2021 ሲወጣ አቀማመጡን ቀድሞ ይጠቀሙበት ለነበሩት ቀረላቸው፣ ከጎኑ ግን «ድጋፍ የማይደረግለት» የሚል ምልክት ተለጠፈበት። የግልጽ አሠራር ትልቁ ጥቅም እዚህ ይታየኛል። ከሕዝቡ የተሻለ ሐሳብ ሁልጊዜ ይገኛል ማለት አይደለም፤ የወሳኙ ግምት በግምትነቱ እንዲታይ ያስገድዳል ማለት ነው።

በክፍሉ ያልነበሩት

እስካሁን «ሕዝብ» ስል ከረምኩ። ለመሆኑ ይህ ሕዝብ ማን ነው? ረቂቁን አንብቦ በእንግሊዝኛ የሚከራከር፣ የሙከራ እትም አውርዶ የሚፈትሽ፣ ፈጣን መስመርና ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ነው። የአጠቃቀም መረጃ ለመሰብሰብ ሞዚላ በ2010 ገደማ ያካሄደው ጥናትም የተመሠረተው በበጎ ፈቃደኞች ላይ ነበር፤ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ደግሞ ጥናቱ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በሩ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ወደ በሩ የሚያደርሰው መንገድ ግን ለሁሉም አልተጠረገም።

በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ ሒሳብ ይከፈል ነበር። አንድ ገጽ እስኪወርድ ቡና ተጠጥቶ ያልቃል። ለዚያ ሰው ከግርጌ እየሞላች የምትሄደው የማሳያ መስመር ጌጥ አልነበረችም፤ ገጹ እየመጣ ይሁን ወይም መስመሩ ተቋርጦ ገንዘቡ በከንቱ እየሄደ ይሁን የምትነግረው እርሷ ነበረች። በፋየርፎክስ 4 መስመሯ ስትነሣ የቀረው የሚሽከረከር ክብ ነው። ክብ እየተሽከረከረ መሆኑን ይነግራል፤ ምን ያህል እንደቀረ ግን አይነግርም። ገጽ በሰከንድ ሽርፍራፊ ለሚከፈትለት ሰው የማትታይ መስመር፣ ለዚህኛው የሒሳብ ጉዳይ ነበረች። ንድፍ አውጪዎቹ በክፋት አላነሷትም፤ በክርክሩ ውስጥ የካፌው ደንበኛ ድምፅ አልነበረም እንጂ።

መገኘት ምን እንደሚለውጥ ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት 3.0 እትም ውስጥ የገባው ረቂቅ ቀርቦ፣ ተመርምሮ፣ ተከራክረውበት ነው፤ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም በሥራው ተሳትፈዋል። ከዚያ በፊት የአማርኛ ድረ ገጽ ለማንበብ ጸሐፊው የተጠቀመበትን ፎንት ፈልጎ መጫን ግድ ነበር፤ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በየትኛውም ስልክ ማንበባችሁ በክፍሉ ውስጥ የተገኘ ሰው ስለነበረ ነው። ስለዚህ «ረቂቁን አውጥተናል፣ ያልመጣው የራሱ ጉዳይ ነው» የሚል ሁሉ ግማሽ ሥራ ሠርቷል፤ እኛም «አልጠየቁንም» ብለን ስናማርር በራችን ላይ የቆመውን ረቂቅ አንብበን እንደሆነ ራሳችንን ብንጠይቅ አይከፋም።

«ታዲያ የተሸነፈው ማን ነው?»

ከባዱን መቃወሚያ ሳልመልስ ብዘጋ ሐቀኝነት አይሆንም። መቃወሚያው እንዲህ ይላል፦ «ግልጹ ፋየርፎክስ በ2009 ገደማ ከዓለም ተጠቃሚ ሲሶ ያህሉን ይዞ ነበር፤ ዛሬ ከመቶ 5 እንኳ አይደርስም። በምስጢር የተሠራው ክሮም ገበያውን ጠቅልሎታል። ግልጽነትህ ምን ፈየደ?»

እውነት ነው፣ ግልጽነት የገበያ ድል አያስገኝም። ክሮም ያሸነፈው ፈጣን ስለነበረ ነው፤ የዓለም ሕዝብ በየቀኑ በሚከፍተው የጉግል ገጽ ላይ ስለተዋወቀና በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ተጭኖ ስለመጣም ነው። ፋየርፎክስ የወደቀው ረቂቅ ስላሳየ ነው የሚል ግን ማስረጃ ማምጣት አለበት። ግልጽነት ቃል የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ስሕተትን በጊዜ ማየት፣ ለውሳኔ ምክንያት ማግኘትና ትውስታ መያዝ።

ስለ ትውስታ አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። በጁላይ 2010 አዛ ራስኪን የተባለው ንድፍ አውጪ የተከፈቱ ታቦችን በቡድን የመመደብ ሐሳብ ገና በጅምር ሳለ በቪዲዮ አሳየ። ሐሳቡ በፋየርፎክስ 4 ውስጥ ገባ። በማርች 2016 በ45ኛው እትም «ተጠቃሚው ጥቂት ነው» ተብሎ ተነሣ። ከ2022 ጀምሮ ሞዚላ የተጠቃሚዎችን ሐሳብ በድምፅ ብዛት መቀበል ሲጀምር፣ ከሁሉ በላይ ከተጠየቁት አንዱ ያው የታብ ቡድን ሆኖ ተገኘ፤ በኤፕሪል 2025 በ138ኛው እትም አዲስ ሆኖ ተመለሰ። ከጅምሩ እስከ መነሣቱ ያለው ክርክር በአደባባይ የተጻፈ በመሆኑ፣ ዳግም የሠራው ሰው ለምን እንደወደቀ ማንበብ ይችል ነበር። በዝግ በር የተወሰነ ነገር ሲወድቅ ምክንያቱም አብሮት ይቀበራል፤ ተተኪውም በዚያው ጉድጓድ ይወድቃል።

እንግዲህ በማንኛውም ወንበር ላይ ተቀምጦ «ግልጽ ነን» የሚለንን ሁሉ ሦስት ነገር እንጠይቀው። ረቂቁን ያሳየኸን ገና ሊፋቅ ሲችል ነውን? ከጎኑ ሌላ አማራጭና ምክንያት አስቀምጠሃልን? ያልተቀበልከውን አስተያየት ለምን እንዳልተቀበልክ ጽፈሃልን? ሁሉም ሰው እንዲወስን አልጠየቅንም፤ ውሳኔ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። የጠየቅነው ቀለሙ ሳይደርቅ እንዲያሳየን ብቻ ነው። ጥቂት ንድፍ አውጪዎች ለታብና ለቁልፍ ይህን ካደረጉ፣ የሰው ኑሮና መንደር የሚነካ ረቂቅ በእጁ የያዘ ሁሉ የሚያቀርበው ሰበብ የለም።

ቸር እንሰንብት።